አንተ ባትኖርስ?

የዛሬው ርእሴ ከወትሮው ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲ ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አይደለም፤ ስለ ሶፍትዌር ነው። ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሥልጣን ጉዳይ ነውና ከመንደራችን ብዙም አንርቅም።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የሠራውን ፕሮግራም አሳየኝ። ትንንሽ ክሊኒኮች የሕመምተኞቻቸውን ቀጠሮና ካርድ የሚይዙበት ነው፤ ኮዱንም ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቆታል። ሥራው ያምራል። አመሰገንኩትና «አንተ ባትኖርስ?» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። «ኧረ ዶክተር፣ ምነው አሟረቱብኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም።

ማሟረቴ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው የትምህርት ክፍል የተማሪዎቹን ውጤት የሚመዘግበው አንድ ጎበዝ ባልደረባችን በትርፍ ጊዜው በሠራው ፕሮግራም ነበር። ባልደረባችን ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የውጤት አሰጣጡ ደንብ ሲለወጥ ፕሮግራሙን ሊነካ የሚችል ሰው ጠፋ። ሁለት መንፈቅ ሙሉ ውጤት በወረቀት ተመዘገበ፤ ትራንስክሪፕት ዘገየ፤ ሥራ ያገኘ ተመራቂ ማስረጃውን በጊዜው ማቅረብ አቅቶት ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም ነበር። የሄደው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የማስተምረው የሕዝብ አስተዳደር እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ገጠመኝ በኋላ ክፍት ምንጭ የሚባሉትን፣ ማለትም ኮዳቸው ለማንም ገሃድ የሆነውን ሶፍትዌሮች፣ ማን እንደሚያስተዳድራቸውና መቼ «በስለዋል» እንደሚባል መከታተል ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። እኛ ተቋም ከግለሰብ በምን ይለያል እያልን ዓመት ከዓመት ስንከራከር፣ እነዚህ ሰዎች ጥያቄውን ወደ መመዘኛ ቀይረው፣ በቁጥር ዘርዝረው ድምፅ ይሰጡበታል። በበኩሌ መመዘኛቸው ከብዙ የአስተዳደር መጻሕፍት የተሻለ ነው እላለሁ። ነገር ግን አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለበት፤ እሱንም አልፈዋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ረገድ አንጋፋው የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ነው፤ አወላለዱም ለርእሳችን የተመቸ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢንተርኔት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ተፈላጊ የነበረው የድረ ገጽ ሰርቨር በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል የተሠራ ነበር። ሠሪው ሮብ ማኩል በ1994 አጋማሽ ማእከሉን ለቆ ሲሄድ ሥራው ቀጥ አለ። ተጠቃሚዎቹ ግን ሰርቨራቸውን ሊያጠፉ አይችሉም፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የተቀደደውን መጣፍ ያዘ። በ1995 መጀመሪያ ከእነዚህ ጣፊዎች ስምንቱ በኢሜይል ተፈላልገው እርማቶቻቸውን አንድ ላይ አሰባሰቡ። አፓቺ የተባለው ሰርቨር የተወለደው እንዲህ ነው፤ በ1996ም የቀድሞውን በልጦ አንደኛ ሆነ። እንግዲህ አፓቺ ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ ቤት የተገኘ ልጅ ነው። የአባቱን መጥፋት ያየ ልጅ ቤቱን ሲሠራ ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያስቸግርም።

በ1999 ፋውንዴሽኑ በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ። አባላቱ ግለሰቦች ናቸው፤ ኩባንያ አባል መሆን አይችልም። ዘጠኝ መቀመጫ ያለውን ቦርድ በየዓመቱ የሚመርጡት እነዚሁ ግለሰቦች ናቸው። ገንዘብ የሚለግሱት ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ልገሳቸው ግን መቀመጫ አይገዛላቸውም። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ ብታነቧት ደስ ይለኛል።

ከ2002 ጀምሮ ወደ አፓቺ መግባት የሚፈልግ ፕሮጀክት ሁሉ መጀመሪያ ኢንኩቤተር በሚባለው ማቀፊያ ውስጥ ያልፋል። እጩው ኮዱን በሕጋዊ ሰነድ ያስረክባል፤ ስሙን፣ ማለትም የንግድ ምልክቱን፣ ለፋውንዴሽኑ ያስተላልፋል፤ ልምድ ያላቸው መካሪዎች ይመደቡለታል። በዚህ ጊዜ የሚያወጣው እትም ሁሉ ገና በማቀፊያ ውስጥ ያለ መሆኑን በስሙ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል። በቅቷል ሲባል ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይቀርብና በውሳኔ ይመረቃል። ያልበቃውም ያለ ነቀፌታ ይሰናበታል።

ለመሆኑ የሚበቃው በምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። አንድ የውጭ ሰው «ኮዱ ጥሩ ከሆነ፣ ስሕተቱ ካነሰ፣ ተጠቃሚው ከበዛ» ብሎ ይገምታል። በአፓቺ የብስለት መመዘኛ ውስጥ ስለ ኮድና ስለ ጥራት የሚጠይቁ ክፍሎች በእርግጥ አሉ፤ ስለ ፈቃድና ስለ እትም አለቃቀቅም አለ። ነገር ግን እጩዎቹ የሚወድቁበት ቦታ ሌላ ነው፤ ማኅበረሰቡ፣ የስምምነት አደራረጉና ነፃነቱ። ፕሮጀክቱ ከማንም ኩባንያ ተጽእኖ ውጭ ሆኖ መቆም ይችላልን? በኮዱ ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ከአንድ ቤት ናቸው ወይስ ከተለያየ? ለረዥም ጊዜ የመመረቂያው መመሪያ በሕግ አንዱ ከሌላው ነፃ የሆኑ ቢያንስ ሦስት ሰዎች እንዲኖሩ፣ አንድም ኩባንያ ለፕሮጀክቱ ሕይወት የግድ አስፈላጊ እንዳይሆን ይል ነበር። በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም ጥያቄው ያው ነው፤ አንተ ባትኖርስ?

ውሳኔው የሚሰጠው በጽሑፍ ነው። የሚደግፍ «ሲደመር አንድ»፣ የሚቃወም «ሲቀነስ አንድ» ብሎ ይጽፋል። ድምፅ መስጫው በልማድ ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አንዱ ቶኪዮ፣ አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ ነውና የተኛው እስኪነቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። አዲስ እትም ለሕዝብ ለመልቀቅ ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ይጠየቃል። በኮድ ለውጥ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቬቶ ማድረግ ይችላል፤ ግን ቴክኒካዊ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ምክንያት የሌለው ቬቶ ከቁጥር አይገባም። በቡና ጠረጴዛ ላይ የተደረሰ ስምምነት በጋራው የጽሑፍ መወያያ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ውሳኔው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ኮሪደር ላይ በሚያልቅባቸው ስብሰባዎች ዕድሜውን ለጨረሰ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚያስቀና ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ከመመዘኛው ነጥቦች መካከል አንዱ አምባገነን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በአፓቺ ፕሮጀክቶች ውስጥ ቦታ እንደሌለው በግልጽ ያስቀምጣል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በክፍት ምንጭ ዓለም «ደግ አምባገነን» የሚታወቅ፣ በአንዳንድ ዘንድም የሚወደድ ማዕረግ ነው። እጅግ የታወቀው ባለ ማዕረግ የፓይተን ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ነበር፤ የዕድሜ ልክ ደግ አምባገነን ይባል ነበር፤ ደግነቱንም የሚጠራጠር አልነበረም። በሐምሌ 2018 በቋንቋው ውስጥ ስለምትገባ አንዲት ምልክት የተነሣው ጭቅጭቅ አታክቶት ማዕረጉን ጣለ። ተተኪ አልሾመም። ዲሞክራሲም ሆነ አምባገነንነት፣ የወደፊቱን ራሳችሁ ወስኑ ብሎ ትቷቸው ሄደ።

በአገራችን የፖለቲካ ታሪክ ላይ ያደግን ሰዎች ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የምናውቅ ይመስለናል። አልሆነም። ለሥራው ቅርብ የሆኑት ሰዎች ለወራት ተወያይተው ሰባት የአስተዳደር አማራጮችን በጽሑፍ አቀረቡ፤ በታኅሣሥ 2018 ድምፅ ሰጡና አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት መረጡ። ደንቡ ከአምስቱ ውስጥ ከሁለት በላይ የአንድ አሠሪ ተቀጣሪ እንዳይሆኑ ይከለክላል። ጊዶ ራሱ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ማለት ነው፤ ለሁለተኛው ዙር ግን ራሱን አገለለ። ይህ የሆነው ሰውየው ቅዱስ ስለነበረ አይመስለኝም። ኮዱ ገሃድ ስለነበረ ነው፤ ማንም ያልተስማማ ወገን ቀድቶት የራሱን መንገድ መጀመር ይችል ነበር። ተገዢው መሄድ በሚችልበት አገር ንጉሥም ጨዋ ይሆናል።

አፓቺ የሚሠራበት መንገድ ግን ብቸኛው አይደለም። በ2015 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተቋቋመው ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ኩባንያዎችን በአባልነት ይቀበላል፤ ከፍተኛውን የሚከፍሉትም በአስተዳደር ቦርዱ ላይ ይቀመጣሉ። የትኛው ፕሮጀክት በሰለ የሚለውን የሚወስነው ግን ሌላ፣ የቴክኒክ ኮሚቴ ነው። ደረጃው ሦስት ነው፤ መሞከሪያ፣ ማቀፊያ፣ ምሩቅ። ለመመረቅ ከኮሚቴው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈለጋል፤ በኮዱ ላይ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ቢያንስ ከሁለት ድርጅት መሆን አለባቸው፤ ነፃ የሆነ የደኅንነት ምርመራም መደረግ አለበት። ኩበርኔቲስ በመጋቢት 2018 የመጀመሪያው ምሩቅ ሆነ። ገንዘብን ከፍርድ የለዩበት አደረጃጀት የአፓቺን ያህል ባይነጻም መጥፎ አይደለም።

ቀዳዳው የታየውም እዚሁ ነው። ሊንከርዲ የሚባለው ፕሮጀክት በሐምሌ 2021 ተመረቀ። በየካቲት 2024 ሥራውን በዋናነት የሚሸከመው ቦያንት የተባለው ኩባንያ የተረጋጋውን እትም ከእንግዲህ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ከ50 ሠራተኛ በላይ ያላቸው ድርጅቶችም ይክፈሉኝ አለ። ኮዱ ክፍት እንደሆነ ቀጥሏል፤ ኩባንያውም ደመወዝ መክፈል አለበትና አልፈርድበትም። ነገር ግን ለተጠቃሚው «ምሩቅ» የሚለው ማኅተም ምን ሊነግረው ነበር የታሰበው? የአንድ ቤት ውሳኔ ኑሮዬን አያናጋውም የሚል መስሎት ነበር።

በዚያው ወር ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ፍለክስ የሚባለውን ምሩቅ ፕሮጀክት የወለደው ዊቭወርክስ የተባለው ኩባንያ ከነጭራሹ ተዘጋ፤ ፍለክስ ግን አልሞተም፤ ጠባቂዎቹ ወደ ሌሎች አሠሪዎች ተበትነው ሥራቸውን ቀጠሉ። የእኛን እድር አስቡ፤ ዳኛው ሲሞት ዳኛውን ቀብሮ፣ ሣልስቱን አውጥቶ፣ በሚቀጥለው ወር መዋጮውን ይሰበስባል። ፍለክስና ሊንከርዲ የያዙት ማኅተም አንድ ነው። እድር የሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የናትስ ጉዳይ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ነው። ሲናዲያ የተባለው ኩባንያ በ2018 ፕሮጀክቱን ለዚሁ ፋውንዴሽን አስረከበ። በሚያዝያ 2025 የድረ ገጹን አድራሻና የኮዱን ማከማቻ መልሱልኝ፤ ወደ ሌላ ፈቃድ ልቀይረው ነው አለ። ፋውንዴሽኑ የተሰጠ ነገር አይመለስም ብሎ በአደባባይ ተሟገተ። እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ተገለጠ፤ የንግድ ምልክቱ በሰባት ዓመት ውስጥ በሕግ አልተላለፈም ነበር። ቤቱ ተሰጥቷል፤ ካርታው ግን በሰጪው ስም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በግንቦት 2025 መጀመሪያ ተስማሙ፤ ኩባንያው ምልክቱን ለሊኑክስ ፋውንዴሽን አስተላለፈ፤ አድራሻውና ማከማቻውም በፋውንዴሽኑ እጅ ቀረ። ሪፖርት መቀበልና ካርታ ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ፋውንዴሽኑ የመጀመሪያውን ሲሠራ ሁለተኛውን ዘንግቷል።

እንግዲህ ክሴ ይህ ነው። እነዚህ ተቋማት በሩ ላይ ጥብቅ ናቸው፤ ከገባህ በኋላ ግን ይለዝባሉ። ምረቃ አንድ ቀን የሚሰጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚለበስ ካባ ሆኗል። በታኅሣሥ 2021 የዓለምን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሁሉ እንቅልፍ የነሣው የሎግ4ጄ ክፍተት፣ በአደጋ መለኪያው ከ10 10 የተሰጠው፣ የተገኘው ጀማሪ በሆነ ፕሮጀክት ውስጥ አልነበረም። በአፓቺ ቤት ለረዥም ዘመን በኖረ፣ ደንቡን ሁሉ ባሟላ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። ስሕተቱ በ2013 ከተጨመረ አገልግሎት ጋር የገባ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። ሥራውን ይሸከሙ የነበሩት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ የተሸከሙት ግን የባንኮችንና የመንግሥታትን ሸክም ነበር። መመዘኛው ስንት እጅ አለ ብሎ ጠይቋል፤ በእጁ ላይ ምን ያህል ሸክም ተጭኗል ብሎ ግን አልጠየቀም።

አፓቺ በየሦስት ወሩ ከምሩቃኑም ሪፖርት ይቀበላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከ2008 ጀምሮም ሥራቸውን የጨረሱ ፕሮጀክቶች በክብር የሚቀመጡበት ቦታ አለው፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብመልሰው ቆጥ የሚለው የሚስማማው ይመስለኛል። ሞትን በደንብ ማስፈር የመቻል ብልህነት በብዙ ተቋም ውስጥ አይገኝም። ሆኖም ወደ ቆጥ መውጣት የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። የኦፕን ኦፊስን ዕጣ ተመልከቱ። አብዛኛው ሠራዊት በ2010 ተለይቶ ሊብሬ ኦፊስን ሲጀምር፣ ኦራክል ኮዱን በ2011 ለአፓቺ ሰጠ፤ በጥቅምት 2012 ተመረቀ። በ2016 የራሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የደኅንነት ክፍተቶችን በጊዜ የሚጠግን ሰው እያነሰ ነውና መዝጋትን እንደ አንድ አማራጭ እንነጋገርበት ብሎ ጻፈ። ብዙ ተጮኸ፤ ፕሮጀክቱም አልተዘጋም። ስሙን የሚያውቀው ሕዝብ ዛሬም ያወርደዋል፤ ጉልበቱ ያለው ግን ሌላ ቤት ነው። ሐሳቤን ብጠየቅ ማኅተሙ የማብቂያ ቀን ይኑረው እላለሁ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ ያው የመግቢያ ጥያቄ እንደገና ይጠየቅ፤ ያላሟላም ወደ ማቀፊያው ይመለስ። ተግባራዊ ለማድረግ ሰው ያስፈልጋል፤ መዛኞቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ይገባኛል። ግን ማኅተሙን አይተው የሚገዙት ኩባንያዎች ለዚህ መክፈል አያቅታቸውም።

እጅን በመቁጠር ብቻ ግን ሁሉ ነገር አይፈታም። በመጋቢት 2024 የተጋለጠው የኤክስ ዚ ሤራ ይህን አስተምሮኛል። ይህ ኮድ በየትኛውም ፋውንዴሽን ሥር አልነበረም፤ አንድ የደከመ ሰው ለብቻው የሚጠብቀው ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዘው ቆየ፤ ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም «ሥራው ዘገየ፤ ለምን ረዳት አትሾምም?» እያሉ ወተወቱት። ሾመ። የተሾመው ሰው በስተመጨረሻ የምስጢር በር ተከለበት። ያጋለጠውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ቆፍሮ አገኘው። ልብ በሉ፤ «ብቻህን አትሁን፤ ሰው ጨምር» የሚለው ምክር ራሱ የጠላት መግቢያ ሆነ። ማቀፊያው ከመካሪዎቹ ጋር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አዲስ የመጣውን ሰው የሚያይ ሁለተኛና ሦስተኛ ዐይን ይኖራል።

እኛስ? የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያችን ሞሲፕ በሚባል፣ በሕንድ ባንጋሎር ከሚገኝ የትምህርት ተቋም በ2018 በተነሣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ተጠቅመውበታል። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ የውጭ ሻጭ ኪስ ውስጥ ከመግባት በብዙ ይሻላል። ግን ክፍት ኮድ ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት እንጂ በበሩ የሚገባ ሰው አለ ማለት አይደለም። የጨረታ ሰነዶቻችን ዋጋን፣ የዋስትና ጊዜንና የሥልጠናን ቀን ይጠይቃሉ። ኮዱን የሚያስተዳድረው ማነው፣ ስሙ የማን ነው፣ ሠሪው ነገ ቢተወው ከእኛ መካከል የሚያነሣው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የጨረታ ሰነድ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። የዲጂታል መንግሥት እንገነባለን በሚባልበት ዘመን ይህ የቴክኒክ ዝርዝር አይደለም፤ የዜጋ መዝገብ በማን እጅ ላይ እንዳለ የመጠየቅ ጉዳይ ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ያሉኝን አሰብኩበት፤ አሁን ብቻዬን አይደለሁም። ኮዱን የሚያውቅ፣ የይለፍ ቃሉም ያለው ሁለተኛ ሰው አለ» አለኝ፤ ድምፁ የኩራት ነበር። ደስ አለኝ። ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ታናሽ ወንድሙ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ቤት፣ የሚሠሩትም በአንድ የንግድ ፈቃድ ነው። በአፓቺ አቆጣጠር ገና አንድ ናቸው፤ ይህንኑ ነገርኩት፤ ለሦስተኛው ሰው አብረን እየፈለግን ነው።

ቸር እንሰንብት።